የመስኮት ነገር፤ በምሥራቅ ጎጃም ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ስለ መስኮቶች መለወጥና መሻሻል

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ጉንደ ወይንን ያገኛል። ይህች ከተማ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፥ በዙሪያዋ ያለው አገር በጥንታውያን ገዳማትና አድባራት የታወቀ ነው። በስተ ደቡብ ደብረ ወርቅ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ፥ በስተ ምሥራቅ መርጡለ ማርያም፥ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሞጣ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። የእነዚህ ስፍራዎች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በነገሥታቱ፥ በሊቃውንቱ፥ በመጻሕፍቱና በሥዕሎቹ በኩል ነው። የዚህ ሐተታ ርእስ ግን ከእነዚያ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም መስኮት ነው።

መስኮት ከሕንፃ ክፍሎች መካከል ፈጥኖ ከሚያረጁት አንዱ ነው። ግንብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቆም፥ ከግንቡ ጋራ የገባው የመስኮት እንጨት ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ መዝጊያውም ከማዞሪያው ይወልቃል። ስለዚህ በሕግ የተጠበቀ ጥንታዊ ሕንፃ ባለበት ስፍራ ሁሉ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ያረጀው መስኮት ይጠገን ወይስ ይለወጥ? የሚለወጥስ ከሆነ በምን ይለወጥ? ጥያቄው የአናጢ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊንም የሚመለከት ነው። ምክንያቱም ከዚህ በታች እንደሚታየው፥ የቀድሞ ሰዎች እንጨቱን እየለወጡ የመስኮቱን ሥርዓት ጠብቀው ለትውልድ አስተላልፈዋል፤ በዘመናችን ግን ቀዳዳውን ብቻ እያስቀረን እንጨቱንም ሥርዓቱንም በአንድ ጊዜ እየጣልን እንገኛለን።

፩ የመስኮት ስምና ሥራ

መስኮት የሚለው ቃል ከግእዝ የወረስነው ነው፤ በግእዝ ሲበዛ መሳኩት ይባላል። ኖኅ ቁራውን ለመላክ የከፈተው የመርከቡ መስኮት፥ ዳንኤልም ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር ከፍቶ የጸለየበት መስኮት በመጻሕፍት የታወቁ ስለ ሆኑ፥ ቃሉ ለተማሪውና ለካህኑ እንግዳ አይደለም። ለገበሬው ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በጎጃም ደጋ የቆየው ክብ የሣር ክዳን ቤት እንደ ልማዱ መስኮት የለውም፤ ብርሃን በበሩ ይገባል፥ ጢሱም በክዳኑ ሣር ውስጥ እየሰረገ ይወጣል። እንግዲህ መስኮት ለብዙ ዘመን የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ምልክት ሆኖ ኖሮአል ማለት ነው። ባለ አራት ማዕዘን የከተማ ቤት ከሣንቃ መስኮቱ ጋራ በየገበያው ከተማ የተስፋፋው በ20ኛው ምእት ዓመት ነው።

የጥንቱ መስኮት ክፍሎች ስማቸው ከበሩ ክፍሎች ስም ጋራ አንድ ነው። በግራና በቀኝ የሚቆሙት መቃን፥ ከላይ የሚጋደመው ጉበን፥ ከታች የሚጋደመው ደፍ ይባላሉ። የሚከፈተውና የሚዘጋው መዝጊያ ሲሆን፥ ከውስጥ በመወርወሪያ ይጠበቃል። በቀድሞው አሠራር የብረት ማጠፊያ የለም፤ የመዝጊያው አንድ ጠርዝ ከላይና ከታች እንደ ጣት ወጣ ተደርጎ ይጠረብና በጉበኑና በደፉ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ እንዲዞር ይደረጋል። መቃኑና ጉበኑም የሚጋጠሙት አንዱን ጫፍ አሹሎ በሌላው ቀዳዳ በማስገባትና በእንጨት ችካል በማጥበቅ ነው። እንዲህ ያለ መስኮት ምስማር ሳይጎዳው ሊፈታና እንደ ገና ሊገጠም ይችላል። ይህም ሠራተኛው ከመጀመሪያው መጠገን እንደሚመጣ አስቦ እንደ ሠራው ያስረዳል።

የመስኮቱ ሥራም ሦስት ነው፤ ብርሃን ማስገባት፥ አየር ማመላለስ፥ የማይፈለገውን መከልከል። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ብርሃን የጨመረ መስኮት ዝናብና ርግብ ይጋብዛል፤ ጥበቃ የጨመረ መስኮት አየር ይከለክላል። አናጢው በመጠኑ፥ በከፍታው፥ በፍርግርጉና በመዝጊያው አማካይነት ሦስቱን ያስታርቃል። እኛ የመስኮት ሥርዓት የምንለው ይህን እርቅ ነው።

፪ በድንጋይ የተመዘገበ የእንጨት ሥራ

እንጨት ስለሚጠፋ፥ የአገራችንን የጥንት መስኮት የምናውቀው በመጀመሪያ ከድንጋይ ነው። በ4ኛው ምእት ዓመት ገደማ በአክሱም የቆሙት የተቀረጹ ሐውልቶች ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ ቤት አምሳል ናቸው። በእነርሱም ላይ የእንጨቱ ተሸካሚ ጫፍና የመስኮቱ ክፈፍ፥ ከታችም በሩ ከነቁልፉ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። የወደቀው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፥ 13 ፎቅ አምሳል ተቀርጾበታል። በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. እንደ ገና የቆመው ሐውልትም 24 ሜትር ያህል ሆኖ ይህንኑ የመስኮት ሥራ ያሳያል። ጠራቢው በእንጨት ያየውን በድንጋይ ባይጽፍልን ኖሮ የአክሱም አናጢ ሥራ ከእኛ በተሰወረ ነበር።

የዚህ መስኮት ዋና ምልክት ከክፈፉ አራት ማዕዘን ወጣ ብለው የሚታዩት የተሸካሚ እንጨት ጫፎች ናቸው፤ ርእሰ ህበይ፥ ማለት የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። እነዚህ ጫፎች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ በግንቡ ውፍረት ውስጥ አልፈው የውስጡንና የውጩን ክፈፍ የሚያስተሳስሩ ናቸው። ስለዚህ በዚህ አሠራር መስኮቱ ከግንቡ በኋላ የሚገባ ዕቃ ሳይሆን ከግንቡ ጋራ አብሮ የሚያድግ አካል ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው መስኮቱን ለመለወጥ ክፈፉን ሲነቅል ግንቡንም ያናጋዋል።

የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ይህ ሥራ በእውነተኛ እንጨት ከሚታይባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ ዴሬክ ማቲውስ ሕንፃውን ባደሰበት ጊዜ ጥንታዊው መልክ እንዲጠበቅ ተደርጓል። በላስታ ዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ግንቡ የእንጨትና የድንጋይ ንብርብር ሆኖ፥ መስኮቶቹ በመስቀልና በሐረግ አምሳል የተፈለፈለ ፍርግርግ አላቸው። ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ስለ ከለለው እንጨቱ ብዙ መቶ ዓመታትን አሳልፏል። እንጨትን የሚገድለው ዕድሜው ሳይሆን ውኃና ፀሐይ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ የመጡት የላሊበላ ጠራቢዎች ደግሞ ከአለት ፈልፍለው ሲሠሩ፥ ለአለት ምንም የማያስፈልገውን የእንጨት ክፈፍ ከነርእሰ ህበዩ ቀረጹት። በቤተ ጊዮርጊስ ከላይ 12 መስኮቶች ጫፋቸው በቀስት አምሳል ሾል ብሎ ሲታዩ፥ ከታች ያሉት 9 መስኮቶች ግን ዝግ ናቸው፤ ብርሃን አያስገቡም፤ የአክሱምን የመስኮት መልክ ብቻ ይዘዋል። ብርሃን የማያስገባ መስኮት ለምን ይቀረጻል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ መስኮት ለእነዚያ ሰዎች ከቀዳዳነት ያለፈ የወግ ምልክት እንደ ነበረ ይገነዘባል። ከእንጨት ወደ አለት ሲዛወሩ ቁሱን ፈጽመው ለወጡት፤ ሥርዓቱን ግን አለወጡም።

፫ ኖራ፥ ቅስትና ክብ ቤተ ክርስቲያን

በ16ኛውና በ17ኛው ምእት ዓመት ሌላ አሠራር መጣ። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በእነብሴ ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዘመኑ ዝናው የተሰማ ነበር። ይህ ሕንፃ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ካህናት እንደ ገና ሊያቆሙት ሞከሩ፤ በመጨረሻም ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1842 አይቶት መግለጫውን እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመ ጊዜ፥ የተቀረጸው ድንጋይ በውጭ ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ድንጋዩ ስለ ጠራቢው ይመሰክራል፤ አናጢው ግን ሥራው በእሳትና በዝናብ ስለሚጠፋ ያለ ምስክር ይቀራል። ዛሬ በቆሙት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ያለው የመስኮት እንጨት የሚጠበቅበት ምክንያት ይህ ነው።

የጎንደር አብያተ መንግሥታት ደግሞ በኖራ የተገነቡ ሆነው፥ መስኮቶቻቸው በግማሽ ክብ ቅስት የተደፉ፥ ቅስቱም ብዙ ጊዜ በቀይ ድንጋይ የተከበበ ነው። በዚህ አሠራር ክብደቱን የሚሸከመው ቅስቱ ስለ ሆነ፥ እንጨቱ ከሸክም አርፎ መዝጊያ ብቻ ወደ መሆን ተጠጋ። ኖራውና ቅስቱ ዐባይን ተሻግረው ጎጃምም ደርሰዋል፤ ከሞጣ በስተ ሰሜን በዐባይ ላይ ያለው በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገረው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ግን የበዛው ክቡ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ18ኛው ምእት ዓመት በልዕልት ወለተ እስራኤል እንደ ተተከለ የሚነገረው ሞጣ ጊዮርጊስ የተነሣውም የዚህ ዓይነቱ አሠራር በሠለጠነበት ዘመን ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ይህ ሕንፃ ሦስት ክፍል አለው፤ በስተ ውጭ ቅኔ ማኅሌት፥ ቀጥሎ ቅድስት፥ በመካከል ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ። ብርሃንም በዚሁ ደረጃ ይቀንሳል። ቅኔ ማኅሌቱ ብዙ በርና መስኮት ስላለው ማኅሌት ለሚቆሙት ይበራል፤ ቅድስቱ ደብዘዝ ይላል፤ መቅደሱ ግን ከበሮቹ በላይ ከፍ ብለው በተሠሩ ጥቂት መስኮቶች ብቻ ጥቂት ብርሃን ይቀበላል። ይህ አከፋፈል ከሥርዓተ አምልኮው ጋራ የሚስማማ ነው፤ ደግሞም ጥቅም አለው። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ሲሆን፥ ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ የተሣለው በጭቃ ምርጊት ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁም ቀለሙም ከጠንካራ ብርሃን ተሰውረው የኖሩት በውጩ ግድግዳና በመስኮቶቹ መጠን ምክንያት ነው። እንግዲህ በክብ ቤተ ክርስቲያን መስኮት የሥዕሉ ጠባቂ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

፬ የቆርቆሮ፥ የመስተዋትና የብረት ዘመን

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ የዛሬው ችግር ከመስኮቱ አይጀምርም፤ ከጣራው ይጀምራል። የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ ስለሚያስፈልገው፥ እሳትም ስለሚያሰጋው፥ በ20ኛው ምእት ዓመት ውስጥ በየደብሩ ቆርቆሮ ተተካ። ሣሩ ግን ሙቀትንና ቅዝቃዜን ይከላከል፥ የጧፍና የዕጣን ጢስም በውስጡ ይሰርግ ነበር። ቆርቆሮ ይህን አያደርግም፤ ቀን ይግላል፥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፥ በስተ ውስጡም ጤዛ ይይዛል። ስለዚህ ቆርቆሮ ከገባ በኋላ አየር የማመላለሱ ሥራ የበለጠ በመስኮቱ ላይ ወደቀ።

መስተዋት ወደ ጎጃም የደረሰው ዘግይቶ ነው። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፥ በዋና ከተማው ባለ መስተዋት ሰገነትና መስኮት ያላቸው የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ነበሩ፤ በሥራውም አርመኖችና ህንዶች ብዙ ተሳትፈዋል። መስተዋትን በበቅሎ ጭኖ የዐባይን በረሃ ማሻገር ግን ቀላል ነገር አልነበረም። የመኪና መንገድ ከተሠራ በኋላ መስተዋት፥ ሲሚንቶ፥ የብረት ዘንግና ላሜራ ተከታትለው ገቡ፤ በቅርቡም አሉሚንየም ተጨመረ።

ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ በጎ አድራጊ በስለት ወይም በልግስና ተነሣሥቶ ለደብሩ አዲስ መስኮት ይሰጣል። አሮጌው እንጨት ይነቀላል፤ የብረት ክፈፍ በሲሚንቶ ይተከላል፤ ጥርት ያለ መስተዋት ይገባበታል፤ እንጨቱም ማገዶ ይሆናል ወይም በአጥሩ ሥር ይጣላል። የሰጪው አሳብ ቅን ነው፤ የካህናቱም ደስታ እውነተኛ ነው። ውጤቱን ግን በሦስት ነገር መመርመር ይገባል።

መጀመሪያ ብርሃን ነው። የቤተ መዘክር ባለሙያዎች ለጨርቅና ለብራና የሚፈቅዱት የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ያህል ሲሆን፥ በሰሌዳ ላይ ለተሣለ ሥዕል እስከ 200 ሉክስ ይደርሳል። በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ ግን 100,000 ሉክስ ሊሆን ይችላል። በመዝጊያ ይቆጣጠሩት የነበረውን ቀዳዳ ሁልጊዜ በሚያበራ መስተዋት መተካት፥ ለ200 ዓመት በጥላ የኖረውን ቀለም በአንድ ትውልድ ውስጥ ማደብዘዝ ነው። የደበዘዘ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። የማይከፈት መስተዋት የሕዝቡን ትንፋሽና የጧፉን ጢስ በውስጥ ያስቀራል፤ ሌሊት ብረቱና ቆርቆሮው ሲቀዘቅዙ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ወደ ምርጊቱ ይወርዳል። ጨርቁን ከግድግዳው የሚያላቅቀው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው። የጭቃና የኖራ ግንብ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ይዘጋበታል። ስለዚህ ውኃው በሲሚንቶው ዙሪያ ተጠራቅሞ ምርጊቱን ያፈርሳል፤ በአጠገቡ የቀረ ጥንታዊ እንጨት ካለም ያበሰብሰዋል። በጎንደር በጣልያን ወረራ ዘመን በጥገና የገባው ሲሚንቶ በኋላ ተነሥቶ በኖራ እንዲተካ የተደረገው እንዲህ ያለው ቁስ ከጥንታዊው ግንብ ጋራ ስለማይስማማ ነው።

፭ ሕጉና የዓለም ልምድ

ስለ ቅርስ ጥበቃ በአገራችን የወጣው አዋጅ ቁጥር 229/1958 ጥንታዊ ዕቃ የሚለውን የወሰነው በዘመን ነበር፤ ይኸውም ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነው። በዚህ መለኪያ ቢታይ፥ ጥንታዊ በሆነ ግንብ ላይ በኋላ ዘመን የታደሰ መስኮት ከጥበቃው ውጭ የሚሆን ይመስላል። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ቅርስን የተረጐመው በሳይንስ፥ በታሪክ፥ በባህል፥ በሥነ ጥበብና በዕደ ጥበብ ይዘቱ ባለው ከፍተኛ ዋጋ ነው፤ የጥገናና የእድሳት ሥራም አስቀድሞ በባለ ሥልጣኑ እንዲፈቀድ ደነገገ። ዕደ ጥበብ የሚለው ቃል ለእኛ ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ መስኮት ከ100 ዓመት በፊት የተለወጠ ቢሆንም፥ የተለወጠው በጥንታዊው አሠራር ከሆነ የዕደ ጥበቡ ምስክር ነውና ቅርስ ነው። ከዚያም በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ መደባቸው። ሆኖም ሕጉ ፈቃድ ይጠይቅ እንጂ፥ አናጢው ነገ ጠዋት ምን እንዲያደርግ አይነግረውም። ይህ የባለሙያዎች ፈንታ ነው።

በውጭው ዓለም ይህ ክርክር ብዙ ዘመን አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተጻፈው የጥንታውያን ሕንፃዎች ጥበቃ ቃል ኪዳን፥ ግምት ከሚጀምርበት ላይ እድሳት ማቆም እንዳለበት ይወስናል፤ የጐደለውን የሚተካ አዲስ ክፍልም ከጠቅላላው ጋራ ተስማምቶ፥ ነገር ግን ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። በእንጨት ሥራ የታወቁት ጃፓኖች ባሉበት እ.ኤ.አ. በ1994 በናራ የተጻፈው ሰነድ ደግሞ፥ የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በቁሱ ብቻ ሳይሆን በመልኩ፥ በአገልግሎቱ፥ በወጉና በአሠራሩ ጥበብም እንደሚመዘን አስረዳ። በጃፓን የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት እንደ ገና ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈጸመው 62ኛው ነበር። እንጨቱ አዲስ ነው፤ አሠራሩ ግን ጥንታዊ ነው። ከላሊበላና ከደብረ ዳሞ ያገኘነው ትምህርት ከዚህ ጋራ የሚስማማ መሆኑን አንባቢ ሳይገነዘበው አይቀርም።

በችኮላ የተደረገ ማሻሻል ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ምሳሌ ከአገራችን መጥቀስም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በላሊበላ ውኃ እንዳይገባ ተብሎ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ሬንጅ መሰል ነገር ተቀብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣልያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ጥገና ይህን ልባስ ለማንሣት ብዙ ድካም ጠየቀ። ስለዚህ በማናቸውም ማሻሻል ፊት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ፥ ይህ ነገር ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ግንቡን ሳንጎዳ ልናነሣው እንችላለን ወይ? የሚለው ነው።

ማሻሻል ማለት ሁልጊዜ ነቅሎ መተካት እንዳልሆነም ልምድ አስተምሮናል። በስኮትላንድ በጥንታውያን ቤቶች መስኮት ላይ የተደረገው መለካት እንዳሳየው፥ የእንጨት መዝጊያ መዝጋት ብቻ በመስኮቱ የሚያልፈውን ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በስተ ውስጥ ሁለተኛ ተነቃይ መስተዋት ቢጨመር ከዚያ የበለጠ ይቀንሳል። የአያቶቻችን መዝጊያ ለደጋው ብርድ ያገለግል እንደ ነበር ቁጥሩ ያረጋግጣል ማለት ነው።

፮ ምን ይደረግ?

በዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር ሳንሸሽ ማየት ይገባናል። ካህኑ እንዲህ ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቤተ መዘክር አይደለም፤ ይቀደስበታል፥ ይነበብበታል። ዓይናቸው የደከመ አባት በጨለማ ብራና ማንበብ የለባቸውም። ርግብና የሌሊት ወፍ በተሰበረ መስኮት ገብተው ሥዕሉን በኩሳቸው ሲያበላሹ ዝም ብሎ ማየት ጥበቃ አይባልም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሕንፃን ያቆየው አገልግሎቱ ነው፤ አገልግሎት የተለየው ሕንፃ እንደ መርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ይሆናል። የቬኒሱ ቃል ኪዳን ራሱ ጥንታዊ ሕንፃ ለማኅበራዊ ጥቅም መዋሉን ይደግፋል፤ አቀማመጡንና ጌጡን አይለውጥ ይላል እንጂ። እንግዲህ የምንፈልገው አገልግሎቱን የሚረዳና ሥርዓቱን የማያፈርስ መንገድ ነው።

ሌላው ክርክር ስለ እንጨት ነው። ጥንታዊውን መስኮት በጥንታዊው እንጨት ተኩ ብንል፥ እንጨቱ ከየት ይመጣል? ለመቃንና ለጉበን የሚሆን ጠና ያለ ጥድና ወይራ፥ ለሣንቃም የሚሆን ዋንዛ በብዙ ስፍራ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ብቻ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በሁሉም ስፍራ ይገኛል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለመስኮት ክፈፍ አይመችም። ለመስኮቱ ብለን ደኑን ብንቆርጥ አንዱን ቅርስ በሌላው መሸጥ ይሆናል። ይህ አስቸጋሪ ነገር ግን ወደ ትክክለኛው መልስ ይመራናል። መስኮት ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበሰብስም፤ በመጀመሪያ የሚበሰብሰው ውኃ የሚቆምበት ደፉና የመቃኑ እግር ነው፤ ጉበኑና የመቃኑ ላይኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። የበሰበሰውን ቆርጦ፥ አንድ ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር ጥሩ እንጨት አግጥሞ፥ በችካል ማጥበቅ ይቻላል። ሙሉ መስኮት ለመተካት ዛፍ ያስፈልጋል፤ ለመጠገን ግን ጕማጅ ይበቃል። ጥገና ከመለወጥ የሚሻለው ስለ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ስለ ደኑም ነው።

ከዚህ የተነሣ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ መልካም ይሆናል። በመጀመሪያ ውኃውን ማራቅ፤ የጣራውን ክፈፍ ማስረዘምና ደፉን ወደ ውጭ ማዘንበል ብዙውን በሽታ ያቆማል። ሁለተኛ የበሰበሰውን ክፍል ብቻ ቀጥሎ መጠገን። ሦስተኛ ፈጽሞ የጠፋውን መዝጊያ በአጠገቡ ባለው ጤነኛ መስኮት ልክና አሠራር መሥራትና፥ የተሠራበትን ዓመት በማይታየው ጎኑ ላይ መቅረጽ፤ በዚህም አዲሱ ከጥንቱ ይለያል፥ መልኩም አይበላሽም። አራተኛ ርግብና የሌሊት ወፍ ለመከልከል ቀጭን የሽቦ ወንፊት በሚነቀል የእንጨት ክፈፍ አድርጎ በስተ ውስጥ ማቆም። አምስተኛ መስተዋት የግድ ካስፈለገ፥ በቅኔ ማኅሌቱ እንጂ በሥዕሉ ፊት እንዳይሆን፥ እርሱም የሚከፈትና የሚነቀል እንዲሆን ማድረግ። ለንባብ የሚያስፈልገው ብርሃን ደግሞ በመስኮት ሳይሆን በአትሮንሱ ላይ ብቻ በሚያርፍ ትንሽ መብራት ሊገኝ ይችላል። በመጨረሻም በግንብ ላይ ኖራ ወይም ጭቃ እንጂ ሲሚንቶ አለመንካት።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ሥራ ግን ለዚህ መጽሔት አንባብያን፥ በተለይም ለተማሪዎች የተተወ ነው፤ እርሱም መመዝገብ ነው። ስለ ጎጃም ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት የሚጽፉ አሉ፤ የአንድን ደብር መስኮቶች ቈጥሮ፥ ለክቶ፥ የእንጨቱን ዓይነትና የመጋጠሚያውን አሠራር ሥሎ፥ የክፍሎቹን ስም ከአናጢው አንደበት ሰምቶ የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሜትር፥ እርሳስ፥ ወረቀትና የደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ነው። በጉንደ ወይን አካባቢ የሚወለድ ተማሪ በክረምት ዕረፍቱ አንድ ደብር ቢመዘግብ፥ የሚነቀለው መስኮት ቢነቀል እንኳ ሥርዓቱ አይጠፋም፤ እንደ ገና ለመሥራት የሚፈልግም ልኩን ያገኛል። በመጥረቢያ የሚጠርቡ፥ ያለ ምስማር የሚያጋጥሙ ሽማግሌ አናጢዎች በሕይወት ሳሉ ሊጠየቁ ይገባል። የላሊበላ ጠራቢዎች ያዩትን የእንጨት መስኮት በአለት ላይ አኑረውልናል፤ እኛም ቢያንስ በወረቀት ላይ ልናኖረው እንችላለን።